ቦሱ የሚሞተው አንዴ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጋዜጣችሁን ለዓመታት አንብቤያለሁ፣ ጽፌላችሁ ግን አላውቅም። ዛሬ የሚያጽፈኝ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ቪዲዮ ጌም ያወጣችሁት ጽሁፍ ነው። ጸሃፊው ሮግላይክ የሚባሉትን ጌሞች እንደ ምሳሌ አንስቶ፣ ስትሞት የሰራኸውን ሁሉ ስለሚሰርዙብህ ጊዜ ከማባከን በቀር የሚያስተምሩት ነገር የለም፣ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ቦስ የሚባለው ትልቁ ጠላትም ጉልበት ያለው ያሸንፋል ከማለት ውጪ ምንም የለውም ብሏል። ሁለቴ አነበብኩት። ሰውየው ክፉ አስቦ እንዳልጻፈው ይገባኛል፣ ልጆቹ ስክሪን ላይ ተተክለው ሲያመሹ አይቶ የተጨነቀ ሰው ጽሁፍ ነው የሚመስለው፣ ጭንቀቱንም እጋራዋለሁ። ግን ስለ መሰረዝ የተናገረው ስህተት ነው፣ ስለ ቦስ የተናገረው ደግሞ የባሰ ስህተት ነው፣ እኔ ደግሞ ላለፈው አንድ ዓመት ከእህቴና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆነን ተጫዋቾቹ ተባብረው ቦሱን ራሱን የሚሆኑበት ጌም እየሰራን ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ስለ መሰረዙ ልናገር። ሮግላይክ የሚለው ስም የመጣው ሮግ ከሚባል ጌም ነው። በ1980 አካባቢ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ማይክል ቶይ እና ግሌን ዊችማን የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ጀመሩት፣ በኋላ ቶይ ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ኬን አርኖልድ ተጨመረበት። ስዕል የሚባል ነገር የለውም፣ ሁሉ ነገር በፊደል ነው። አንተ ማለት ኢሜይል አድራሻ ላይ የምናውቃት "አት" የምትባለዋ ምልክት ነህ፣ ጭራቆቹ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው፣ "ቢ" የሌሊት ወፍ ነው፣ "ዲ" ድራጎን ነው፣ "ዜድ" ዞምቢ ነው፣ ከኤ እስከ ዜድ ሀያ ስድስቱም ተሰልፈው ይጠብቁሃል። የምትዋጋበትን ዋሻ ኮምፒውተሩ በየጊዜው እንደ አዲስ ነው የሚሰራው። ለምን ብትሉ በዛን ጊዜ የነበሩት የጀብዱ ጌሞች ሁሌ ያው ነበሩ፣ አንዴ መፍትሄውን ካወቅከው አለቀ፣ ሰሪው ራሱማ ከመጀመሪያውም ስለሚያውቀው ሊጫወተው አይችልም። እነ ቶይ የፈለጉት እነሱን ራሳቸውን የሚያስደንቅ ጌም ነበር።

መሰረዙም ከዚሁ ጋር ነው የሚሄደው። ሮግ ውስጥ ያቆምክበትን ቦታ ሴቭ ማድረግ፣ ማለትም ማስቀመጥ ትችላለህ፣ ግን መልሰህ ስትከፍተው ፋይሉ ይጠፋል፣ ከሞትክ ወደ ኋላ መመለሻ የለህም። አሁን አንድ ነገር አስቡ፣ ዋሻ ውስጥ ቀይ መድሃኒት በጠርሙስ አገኘህ፣ ቁስልህን ሊያድንልህ ይችላል፣ ዓይንህንም ሊያሳውርህ ይችላል፣ ቀለሙ በየጨዋታው ስለሚቀያየር ትናንት ያወቅከው ዛሬ አይሰራም። ሴቭ አድርገህ ጠጥተህ ካልጣመህ የምትመለስ ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱ ምንም ትርጉም የለውም። መመለሻ ስለሌለ ግን ቆም ብለህ ታስባለህ፣ አሁን ልጠጣው ወይስ ሊገድለኝ የመጣ ነገር እስኪኖር ልያዘው? ይህችን ውሳኔ ውሳኔ ያደረጋት መሰረዙ ነው። የሚሰረዘው ሰይፍህና ወርቅህ ነው፣ ጭንቅላትህ ውስጥ የገባው ግን አይሰረዝም፣ በሚቀጥለው ዙር ያ ጭራቅ ሲመጣ ከሩቅ ታውቀዋለህ፣ መቼ መሸሽ እንዳለብህ ታውቃለህ። ጌሙ ምንም ሳይሰጥህ አንተ ግን የተሻልክ ሆነህ ነው የምትጀምረው፣ እኔ ይሄን ነው መማር የምለው።

ከዛ በኋላ ያለውን ታሪክ በአጭሩ ልለፈው፣ በ1987 ኔትሃክ መጣ፣ በ2008 ስፔለንኪ ይህን ነገር ወደ ሚዘለልበትና ወደ ሚሮጥበት ጌም አመጣው፣ በ2011 ባይንዲንግ ኦፍ አይዛክ፣ በ2012 ኤፍቲኤል፣ በ2020 ደግሞ ሄዲስ መጥቶ መሞትን ራሱን የታሪኩ አካል አደረገው፣ ጀግናው በሞተ ቁጥር ቤቱ ይመለሳል፣ ቤተሰቦቹ ያናግሩታል፣ ታሪኩ የሚቀጥለው በመሞቱ ነው። ጸሃፊያችሁ ሮግላይክን ሰሞኑን የመጣ ፋሽን አስመስሎ ነው የጻፈው፣ ከአርባ ዓመት በላይ የቆየ ነገር ነው።

አሁን ወደ ቦሱ ልምጣ፣ ሆዴን የሚበላኝ እሱ ነው።

ቦስ የሚባለው ነገር የተጀመረው ከሮግም በፊት ነው። በ1975 ፕላቶ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሲስተም ላይ ዲኤንዲ የሚባል ጌም ነበር፣ መጨረሻው ላይ ሀብቱን የሚጠብቅ ወርቃማ ድራጎን አለ፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቦስ የሚለው እሱን ነው። ከዛን ጊዜ ጀምሮ ነገሩ ያው ነው፣ ቦሱ ትልቅ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፣ ጀግናው ይመጣል፣ ይሞታል፣ ደግሞ ይመጣል፣ ደግሞ ይሞታል፣ አንድ ቀን ያሸንፋል። እስቲ ይህንን ነገር ከቦሱ ቦታ ሆናችሁ እዩት። ጀግናው መቶ ጊዜ መሞት ይችላል፣ አንዴ ካሸነፈ አሸነፈ ነው። ቦሱ ግን መቶ ጊዜ አሸንፎ አንዴ ከተሸነፈ አለቀለት። በእውነት መመለሻ የሌለው ሞት ያለው ቦሱ ጋ ነው። ጉልበት ያለው ያሸንፋል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው፣ ጉልበት ያለው ሁሌም መጨረሻ ላይ ተሸናፊው ነው፣ ምክንያቱም የሚማረው ሌላኛው ወገን ነው።

ይህንን ወንበር ለተጫዋች የሰጡ ጌሞች ከድሮም ነበሩ። በ1997 የወጣው ደንጀን ኪፐር ዋሻውን አንተ እንድትመራ፣ ጀግኖቹ ሊዘርፉህ እንዲመጡ አድርጓል። በ2008 ሌፍት ፎር ዴድ ላይ ቨርሰስ በሚባለው ሞድ ታንክ የሚባለው ግዙፍ ዞምቢ ለአንድ ተጫዋች ይሰጣል፣ ደስ የሚለኝ ነገር ምን መሰላችሁ፣ ታንኩን ይዘህ ተደብቀህ ከቆየህ ጌሙ ይቀማህና ለሌላ ጓደኛህ ይሰጠዋል። ኃይል ይዘህ መቀመጥ አይፈቀድም ማለት ነው። ከዛ አንድ ለአራት የሚባለው ዓይነት መጣ፣ በ2015 ኢቮልቭ አራት አዳኞችን ከአንድ ጭራቅ ጋር አጋጠመ፣ ፌብል ሌጀንድስ ደግሞ አራት ጀግኖችን ከአንድ ክፉ ሰው ጋር ሊያጋጥም ነበር። ሁለቱም አልሰነበቱም፣ ፌብል ሌጀንድስ ሳይወጣ በ2016 ተሰረዘ፣ የኢቮልቭ ዋና ሰርቨሮች በ2018 ተዘጉ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ የገንዘብም የአስተዳደርም ነገር አለበት፣ እኔ ግን ተጫውቼ ያየሁት አንድ ችግር አለ። የጭራቁ ወንበር ብቸኛ ነው። አራቱ እያወሩ፣ እየሳቁ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው እያነሳው ይጫወታሉ፣ ጭራቁ ግን ብቻውን ነው፣ ሲሳሳት ጥፋቱ የሱ ብቻ ነው፣ ሲያሸንፍ እንኳን አብሮት የሚደሰት የለም። አዲስ ሰው ያንን ወንበር አይደፍረውም፣ የደፈረውም ሁለት ሶስቴ ተደብድቦ ይተወዋል።

መልሱን ያየሁት ክሮል የሚባል ጌም ላይ ነው። ፓወርሁፍ የሚባል ከአውስትራሊያ ሜልበርን የሆነ በጣም ትንሽ ስቱዲዮ ነው የሰራው፣ በ2017 ነው ሙሉው የወጣው፣ እስከ አራት ሰው አንድ ስክሪን ላይ ይጫወቱታል። አንዱ ጀግና ነው፣ የቀሩት መንፈስ ሆነው ዋሻው ውስጥ ያለውን ወጥመድና ጭራቅ ውስጥ ይገባሉ፣ ጀግናውን የገደለው እሱ በተራው ጀግና ይሆናል። ጀግናው ሌቭል (ደረጃ) በጨመረ ቁጥር መንፈሶቹም ጭራቆቻቸውን የሚያሳድጉበት ነጥብ ያገኛሉ፣ ስለዚህ አንዱ ብቻውን አይርቅም። ሌቭል አስር የደረሰው ጀግና መጨረሻ ላይ ወደ ቦሱ ይገባል፣ እና ቦሱ ማን ነው? የቀሩት ጓደኞቹ ናቸው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሆነው አንድ ግዙፍ አካል ውስጥ ገብተው፣ እያንዳንዱ አንድ ክፍሉን እየያዘ። እስከዛች ደቂቃ ድረስ እርስ በርስ ሲነጣጠቁ የነበሩ ሰዎች በአንድ ሰከንድ ውስጥ መስማማት ይጠበቅባቸዋል። መጀመሪያ ቀን ስንጫወተው እኔና ጓደኛዬ ያን ያህል ስንጨቃጨቅ አምሽተን እዛች ቦታ ላይ ስንደርስ ድንገት "አንተ ከግራ፣ እኔ ከቀኝ" ስንባባል ትዝ ይለኛል፣ ያቺ ቅጽበት ናት ጌም ወደ መስራት ያስገባችኝ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን አይደል፣ እኔ ደግሞ አንበሳው ራሱ ከድር የተሰራ ቢሆንስ ብዬ ነው የተነሳሁት።

እኛ እየሰራን ያለነው ከዛ ይለያል፣ ምክንያቱም እኛ ጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሁሉም ተጫዋች ቦሱ ነው፣ ጀግኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ኮምፒውተሩ ነው። ሶስት ተጫዋች፣ አንድ አካል። አንዱ ግራ እጅ፣ አንዱ ቀኝ እጅ፣ አንዱ ጭንቅላት። ጀግኖቹ በየዙሩ በራንደም ነው የሚመጡት፣ አንዴ ሁለት ቀስተኞችና አንድ ጋሻ የያዘ፣ አንዴ ስድስት ጩቤ የያዙ ሯጮች፣ ምን እንደሚመጣ በሩ እስኪከፈት አታውቅም። አንድ ቡድን ካሸነፍክ ከሶስት ማሻሻያ አንዱን ትመርጣለህ፣ ጭራ ልታበቅል ትችላለህ፣ ቆዳህን ልታወፍር ትችላለህ፣ እሳት ልትተፋ ትችላለህ፣ ሶስታችሁም ካልተስማማችሁ ግን ምንም አይሰጥህም። ቦሱ ከሞተ በቃ፣ ጭራውም እሳቱም ይሰረዛል፣ አዲስ ዋሻ፣ አዲስ አካል።

የመጀመሪያውን ስሪት ስንሞክረው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ጸሃፊያችሁ ጉልበት ብቻ ነው ያለውን ነገር በደንብ የሚያሳየው እሱ ስለሆነ። ቦሱን በጣም ኃይለኛ አደረግነው። እጁን ሲያወርድ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ወዲያው ነው የሚያወርደው፣ ጀግኖቹ ከስሩ ካሉ አለቀላቸው። አስራ አምስት ደቂቃ ያህል በጣም ደስ አለን። ከዛ እህቴ ኮንትሮለሩን አስቀምጣ "እና አሁን ምን እናድርግ?" አለች። እውነቷን ነው፣ ምንም የሚደረግ ነገር አልነበረም፣ ማንም ከማንም ጋር መነጋገር አላስፈለገውም፣ ሶስት ሰው ቁጭ ብሎ አንድ አንድ በተን እየተጫነ ነው፣ ጀግኖቹ እየገቡ ይሞታሉ።

ስለዚህ ቅድመ ምልክት ጨመርንበት። ጌም የሚሰሩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው፣ ቦስ ከመምታቱ በፊት ማሳየት አለበት፣ እጁን ወደ ኋላ ይስባል፣ ዓይኑ ይበራል፣ መሬቱ ላይ ጥላ ይወርዳል። የሰው ዓይን አንድ ነገር አይቶ ጣቱ እስኪታዘዝ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ በሰከንድ ስልሳ ፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚቀያየር አንድ ምስል) በሚሄድ ጌም አስራ አምስት ፍሬም ማለት ነው፣ ስለዚህ ከዛ ያነሰ ምልክት ሰጥተህ መታህ ማለት ሰውየው ምንም ቢያደርግ ሊያመልጥ አይችልም ማለት ነው፣ ያ ደግሞ ጨዋታ አይባልም። እኛ ሰላሳ ፍሬም ሰጠን፣ ግማሽ ሰከንድ። ጀግኖቹ የሚያንቀሳቅሳቸው ኮምፒውተር ቢሆንም እንደ ሰው ዘግይተው እንዲያዩ አደረግናቸው፣ ኮምፒውተር ስለሆኑ ብቻ ሁሉንም በቅጽበት ቢያመልጡ ኖሮ እኛም ላይ ግፍ ይሆን ነበር።

እና ያቺ ግማሽ ሰከንድ ሁሉንም ነገር ቀየረችው። አሁን ግራ እጁ ብቻውን ቢመታ ጀግኖቹ አይተው ያመልጣሉ። ቀኝ እጁ ብቻውን ቢመታም ያመልጣሉ። ግን ግራው መጀመሪያ አንስቶ ወደ ቀኝ እንዲሸሹ ካደረጋቸው፣ ቀኙ ደግሞ ከሱ ትንሽ ዘግይቶ የሚሸሹበት ቦታ ላይ ካነሳ፣ መውጫ የለም። ሁለቱም አንድ ላይ ካነሱ ደግሞ አካሉ ሚዛኑን ይስትና ይንገዳገዳል፣ ሆዱ ይጋለጣል፣ ይሄን ያስገባነው ሆን ብለን ነው። አንድ ምሽት ላይ የነበረውን ልጻፍላችሁ፣ እህቴ ግራ እጅ ናት፣ ጓደኛዬ ቀኝ ነው፣ እኔ ጭንቅላት ነኝ፣ አምስት ጀግኖች ቀርተው ደማችን ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው፣ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው "ቆይ... ቆይ... አንቺ ጀምሪ... አሁን!" ብቻ ነው። ግራው ተነሳ፣ ሶስቱ ወደ ቀኝ ሮጡ፣ ቀኙ ወረደ። ሁለቱ ቀሩ። አንደኛው ጀግና ጋሻውን ጥሎ ወደ በሩ ሮጠ፣ እንዲህ እንዲያደርግ ኮዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሲያደርገው ሳይ ግን ደነገጥኩ፣ እህቴም እጇን አንስታ ይዛ ሳትመታው ዝም አለች፣ ወጥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ዙር ያ ያመለጠው ከአዲሶቹ ጋር ተመልሶ መጣ፣ የግራ እጁን ዘዴ ያውቀው ነበር። ጌሙ ያስታውሳል፣ ያመለጠ ጀግና ያየውን ጥቃት ለሌሎቹ ያስተምራል። እህቴ የራራችለትን ጀግና ገድላው ቢሆን ኖሮ አንሸነፍም ነበር ያለ የለም፣ ሶስታችንም በዛ ተሸንፈን ደስ ብሎን ነው የተነሳነው።

ያላለቀልን ነገርም አለ፣ እውነቱን መደበቅ አልፈልግም። ጭንቅላት የያዘው ሰው ለረጅም ጊዜ ስራ ፈት ነበር። እጆቹ ሲመቱ እሱ ዝም ብሎ ያያል፣ አልፎ አልፎ ይጮሃል። በተባበረ ጌም ውስጥ ከዚህ የባሰ ጥፋት የለም፣ አንዱ ሰው አያስፈልግም ማለት ነው፣ እና ያ ሰው ይህን ከሁሉም ቀድሞ ያውቀዋል፣ አፉን አውጥቶ ባይናገርም ስልኩን ማየት ይጀምራል። አሁን አካሉን የሚያዞረው ጭንቅላቱ እንዲሆን አድርገናል፣ እጆቹ መምታት የሚችሉት እሱ ወደሚያይበት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ጭንቅላቱ ከኋላ የሚመጣውን ቀስተኛ ልይ ብሎ ቢዞር የእጆቹ ምት ይበላሻል፣ ካልዞረ ደግሞ ጀርባችን ይወጋል። ሁሌም ከአንዱ አንዱን መተው አለበት። ይሄ የተሻለ ነው፣ ግን ጭንቅላቱ አለቃ እየሆነ ነው፣ እጆቹን ማዘዝ ይጀምራል፣ እጆቹ ይናደዳሉ። ከወር በላይ ታግለነዋል፣ ምናልባት በየክፍሉ ቦታ እንዲለዋወጡ እናደርግ ይሆናል፣ ትናንት እህቴ ያመጣችው ሀሳብ ነው፣ ሳይሞከር ምንም ማለት አይቻልም።

ይሄን ሁሉ የዘረዘርኩት ስለ ጌማችን ማስታወቂያ ለመስራት አይደለም፣ ስሙንም ያልጻፍኩት ለዛ ነው። ጽሁፋችሁ ላይ ቦስ የሚባለው ነገር እንደ አንድ የጉልበት ግድግዳ ነው የቀረበው፣ የሚሰራው ሰው ግን ስለ ፍትህ ሲያስብ ነው የሚያድረው። ይህ ምት ሊታይ ይችላል ወይ፣ የተመታው ሰው ለምን እንደተመታ ይገባዋል ወይ፣ ደካማው መውጫ አለው ወይ። ሮግላይክ ውስጥ ይህ እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም ዋሻውንም መሳሪያውንም ኮምፒውተሩ በራንደም ስለሚሰራው አንድ ሰው ዕድል ብቻ ነው የገደለኝ ብሎ ካሰበ ድጋሚ አይጫወተውም፣ ዕድል እንዳለ ሆኖ ስህተቱ የኔ ነበር የሚል ከሆነ ግን ይመለሳል። ይህንን ሚዛን ማግኘት ስንት ሌሊት እንደሚፈጅ የሚያውቀው የሞከረው ነው። ከቦሱ ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ ከተጫዋችነት አልፎ ይህንን ጥያቄ ራሱ መጠየቅ ይጀምራል፣ የጓደኛዬ የአስራ ሁለት ዓመት ወንድም ለሶስተኛ ጊዜ ሲጫወት "ይሄኛው ጀግና ምን እንዲያደርግ ነበር የሚጠበቀው?" ብሎ ጠየቀኝ። እሱ እኮ ማሸነፍ ላይ ነበር።

ጸሃፊያችሁ ስለ ጊዜ ያለው ትክክል ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ሮግላይክ "አንድ ዙር ብቻ" የሚያስብል ጌም ነው፣ ዙሩ አጭር ስለሆነ፣ በየጊዜው አዲስ ስለሆነ፣ ሽንፈቱም ትኩስ ስለሆነ ሌላ መጀመር በጣም ቀላል ነው፣ እኔም ሳላስበው ሌሊቱ የነጋብኝ ቀን አለ። እኛ ጌማችን ውስጥ ቦሱ ሲሞት ወዲያው ሪስታርት የሚለውን በተን አናሳይም፣ መጀመሪያ ያን ቀን የተጫወታችሁበትን ጠቅላላ ሰዓት ያሳያል፣ ከዛ ነው በተኑ የሚመጣው። ሌላ ሰው ይሄ ተጫዋች ያባርራል ብሎናል፣ እኛ ግን አላወጣነውም፣ አናወጣውምም። ወላጆች መጠየቅ ያለባቸውም እንዲህ ዓይነቱን ነገር ይመስለኛል፣ ጌሙ ማቆሚያ አለው ወይ፣ ልጁ የሚጫወተው ብቻውን ነው ወይስ ከሰው ጋር፣ ከሰው ጋር ከሆነ ከማያውቀው ሰው ጋር በኦንላይን ነው ወይስ አጠገቡ ከተቀመጠ ሰው ጋር። ሮግላይክ ነው አይደለም የሚለው ይህን አይመልስም።

ከእናንተ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሮግላይክ አዲስ ፋሽን ነው የሚለውን እንድታርሙ ነው፣ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፣ ግን ከ1980 ጀምሮ ሰዎች ሲያስቡበት የኖሩትን ነገር የትናንት ነው ብሎ መጻፍ ሰዎቹን መርሳት ነው። ሁለተኛው ከዚህ በኋላ ስለ ጌም ስትጽፉ የተጫወተው ሰው እንዲጽፈው ነው። ስለ መጽሐፍ የሚጽፍላችሁ ሰው መጽሐፉን አንብቦ ነው የሚጽፈው፣ ስለ ቲያትር የሚጽፈውም አዳራሹ ገብቶ አይቶ ነው። ለጌም ሲሆን ግን ከልጁ ትከሻ ኋላ ቆሞ ስክሪኑን ያየ ሰው ይበቃል የተባለ ይመስላል፣ ከኋላ ሆነህ ስታይ ደግሞ የሚታይህ ጩኸትና መብራት ነው፣ ያቺ ግማሽ ሰከንድ አትታይህም። ሮግላይክ ላይ ደግሞ አንዴ መጫወት አይበቃም፣ ቢያንስ አስር ጊዜ መሞት አለበት፣ አስረኛው ላይ የሚሰማው ከመጀመሪያው ጋር አንድ ከሆነ ያን ጊዜ ጸሃፊው ትክክል ነበር ማለት ነው፣ እኔም ዝም እላለሁ።

ጽሁፉን የጻፈው ሰው ፈቃደኛ ከሆነ ከእኛ ጋር አንድ ምሽት ተቀምጦ እንዲጫወት በአክብሮት እጋብዘዋለሁ፣ ከፈለገ ልጆቹንም ይዞ ይምጣ፣ ኮንትሮለር አለን። አድራሻዬን ከደብዳቤው ጋር ለዝግጅት ክፍሉ ለብቻው ልኬያለሁ። ለጀማሪ ቀላሉ ግራ እጅ ስለሆነ እሱን ለሱ እንለቅለታለን፣ እህቴ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ መጀመሪያ ማንሳት ያለበት እሱ ነው፣ እሷ "አሁን" እስክትል ድረስ ግን አያውርድ።

አክባሪ አንባቢያችሁ